የመንስኤ ግምጃ ቤት

አገሩ የት እንደሆነ አልናገርም። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁትም አንድ ቀን በደጃፉ ሳታልፉ አልቀራችሁም። በዚያ አገር ነገር ሲደርስ የሚታሰረው አድራጊው ሳይሆን መንስኤው ነበር። ሰው በድንጋይ ተደናቅፎ ቢወድቅ ድንጋዩ ይታሰራል። ላም ወተት ብትከለክል፣ የዚያን ዕለት ጠዋት አጠገቧ ያስነጠሰ ሰው ተፈልጎ ይያዛል። በዚህ ብቻ ቢቆም ደግ ነበር። ንጉሡ ግን አርቆ አሳቢ ነኝ ባይ ነበሩና፣ «ክፉ ነገር መንስኤ ካለው ደግ ነገርም አለው፤ የደግ ነገር መንስኤ በየሰዉ እጅ ተበትኖ መቅረት የለበትም» ብለው አወጁ። ከዚያ ወዲህ አዝመራው የሰመረለት ገበሬ ማረሻውን፣ ትዳሩ የሰመረለት ሰው አማላጁን ለመንግሥት ማስረከብ ግዴታ ሆነበት። አንድ ዓመት ዝናቡ በጊዜው ጣለና፣ ዋዜማውን ስትጮህ የተሰማች አንዲት እንቁራሪት በክብር ተይዛ ገባች። በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ሲጠፋ ለግማ ነው ተብሎ ተገረፈች።

ይህ ሁሉ የሚከማችበት ቤት ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ያለ ረጅም አዳራሽ ነው፤ የመንስኤ ግምጃ ቤት ይባላል። ሹሙ አዛዥ ክንፈ ናቸው። አዛዥ ክንፈ ቁጣ የማያውቁ፣ ድምፃቸው የለዘበ፣ ሰው ሲያስሩ እንኳን «በሞቴ፣ እጅህን ወዲህ በል» እያሉ የሚያስሩ ሰው ነበሩ። እሳቸውን የረገመ የለም። መርገም ያማረው ሰው ሁሉ ትህትናቸው ትዝ ይለውና አፉ ይያዛል።

በዚያ አገር ሁለት መንደሮች ነበሩ። ላይ አምባ ከተራራው ጫፍ ላይ፣ ታች አምባ ከተራራው ግርጌ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከላይ አምባ ጀርባ ነውና፣ ከሰዓት በኋላ የተራራው ጥላ ቁልቁል ይወርድና ታች አምባን ያለብሰዋል። ተራራው ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ነው። ነገሬ ያለውም ሰው አልነበረም፤ አባ ቀጥ እስኪመጣ ድረስ።

አባ ቀጥ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። አንገቱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያዞርም፤ ወደ ጎን ማየት ከፈለገ መላ አካሉን ይዞ ነው የሚዞረው። አንድ ቀን ከላይ አምባ ገበያ መሃል ተገተረና፣ «ወገኖቼ፣ ለምን ደኸያችሁ?» አለ። ደህና ጥያቄ ነበር። ያን ዓመት እህሉ አልያዘም፣ ግብሩ ከብዷል፣ የመንስኤ ግምጃ ቤት ደግሞ የቀረውን ማረሻ ለቅሞ ወስዷል። ሰዉ መልሱን ሊሰማ ተጠጋ።

«ጥላችሁ የት አለ?» አለ አባ ቀጥ። «በየቀኑ ከእግራችሁ ሥር ተነስቶ ቁልቁል ይወርዳል። ታች አምባዎች ይቀመጡበታል፣ ይተኙበታል። አንድም ቀን መልሰውላችሁ አያውቁም። በረከታችሁ ያለው እዚያ ነው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየና ቁልቁል ተመለከተ። እውነትም ጥላው እዚያ ነበር።

ጥላ አስመላሾች የሚባሉት እንዲህ ተጀመሩ። ጥቁር መቀነት ይታጠቃሉ፤ በጠራራ ፀሐይ ችቦ ይለኩሳሉ፤ ጥላው ከሰዓት በኋላ ወደ ታች አምባ ሲወርድ ተከትለውት ይወርዳሉ። መጀመሪያ እንስራ ሰበሩ። ቀጥሎ አውድማ አቃጠሉ። ኋላም አንድ ሽማግሌ መትተው ክንዱ ሽባ ሆኖ ቀረ። ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን ነው፤ አዘፋፈናቸው ግን ጥላውን በጆንያ አስረው ያመጡ ነው የሚመስለው።

ለንጉሡ ቢነገራቸው፣ «አስመላሾቹ ውጤት ናቸው፤ ውጤት ማሰር በሕጋችን የለም። መንስኤው ይፈለግ» ብለው አዛዥ ክንፈን አዘዙ። አዛዥ ክንፈም ሲያስቡ ሰነበቱና አንድ ብልሃት መጣላቸው። ለምን እንደሚሄዱ የሚሄዱትን መጠየቅ አድካሚ ነው፤ ሁሉም የሚመልሰው በአንድ ጊዜ እየጮኸ ነው። ይልቅ ያልሄደ ሰው ይፈለግ። እሱን ያስቀረው ነገር ከተገኘ ግምጃ ቤት ይገባል፤ መንግሥትም ለሕዝቡ እየቆነጠረ ያድለዋል።

ከላይ አምባ ጎልማሶች ያልሄደ አንድ ብቻ ተገኘ፤ ጓንጉል።

ጓንጉል አንድ በሬ ያለው ገበሬ ነው። በአንድ በሬ አይታረስምና ከታች አምባው ከአብተው ጋር መቀናጆ ነበር። የሁለቱን በሬዎች ባንድ ላይ ጠምደው አንድ ሰሞን የጓንጉልን ማሳ፣ አንድ ሰሞን የአብተውን ያርሳሉ። ሲያርሱም ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ያንተ በሬ ነው የሚለግመው፣ የለም ያንተ ነው። ይኮራረፋሉ፣ ምሳ ሲደርስ ግን ካንድ አገልግል ይበላሉ። አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም፤ አንድም ቀን ተጣልተው አላደሩም።

አባ ቀጥ ጓንጉልንም አልተወውም፤ ደጁ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ወንድሜ ጓንጉል፣ ጥላህ ተሰርቋል።»

«እንዴት?» አለ ጓንጉል። እንዴት የምትለው ቃል ካፉ አትጠፋም።

«በየቀኑ ይወርዳል፤ አይመለስም።»

«ጠዋት ጠዋት እኮ በዚያኛው በኩል ወድቆ አየዋለሁ። ካልተመለሰ እንዴት እዚያ ተገኘ?»

«እሱ ሌላ ጥላ ነው።»

«እንዴት ሌላ ይሆናል?»

የጓንጉል ሚስት ማንጠግቦሽ ይህን ጊዜ ከጓዳ ብቅ አለች። «እንኳንም ወሰዱልን! ይቺ ጎጆ ለኛም አልበቃች፤ የተራራ ጥላ የት ላሳድርልህ ነው? ወይስ ያንተ ቤት ሰፋ ይላል አባ ቀጥ?»

ጓንጉል ሳቁ አመለጠው። አባ ቀጥ መላ አካሉን ይዞ ዞረና ሄደ።

አዛዥ ክንፈ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ዘበኛም ወታደርም ሳያስከትሉ፣ አንድ ጆንያ የያዘ ሎሌ ብቻ አስከትለው መጡ። የጓንጉልን ጤንነት፣ የበሬውን ጤንነት ጠየቁና፣ «አያ ጓንጉል፣ አንተ ለምን አልወረድህም?» አሉት።

ጓንጉል ቅን ሰው ነው። ሹም ደጁ ድረስ መጥቶ አስተያየቱን ሲጠይቀው ደስ አለው፤ ደረቱም ትንሽ ሳይነፋ አልቀረም። «ጌታዬ፣ ከአብተው ጋር መቀናጆ ነን» አለ። «ቤቱን ባቃጥልበት በማግስቱ በየትኛው ዓይኔ አይቼው በሬ እጠምዳለሁ?»

«ድንቅ ነገር!» አሉ አዛዥ ክንፈ። ሎሌያቸውም «ድንቅ!» አለ።

በማግስቱ አብተው ከነበሬው ታስሮ ወደ ግምጃ ቤት ሲወሰድ በላይ አምባ በኩል አለፈ። ገመዱን እየጎተተ፣ «ኧረ የጓንጉል በሬ ነው ዋናው! እሱን ውሰዱ! የኔው ለጋሚ ነው!» እያለ ይጮሃል። አብተው በበሬ ጉዳይ ሲሸነፍ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ጓንጉልን አንጀቱን በላው።

እየሮጠ አዛዥ ክንፈ ዘንድ ገባ። «ጌታዬ፣ ወዳጄን ይልቀቁልኝ!»

«እስረኛ መሰለህ እንዴ? የመንግሥት መንስኤ እኮ ነው፤ በክብር ይቀመጣል» አሉ አዛዡ። «እውነተኛው መንስኤ እሱ አለመሆኑ ከተረጋገጠ ግን ያኔውኑ እንመልሰዋለን። ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ ረጋ ብለህ አስብ እስቲ፤ በሞቴ።»

እንግዲህ የዚያ አገር ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት ጓንጉል የሠራው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ለማስፈታት ሌላውን ጠራ። ደግሞም ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ሊወሰድ የማይችል ነገር መርጦ ነው የጠራው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ መስሎት ነበር። «የሚስቴ ምላስ ነው ጌታዬ» አለ። «ትልቅ ሰው ነኝ ብዬ ደረቴን ስነፋ ታስተነፍሰኛለች። ሰው ጠላኝ፣ ዓለም ዞረብኝ ብዬ ስገባም ትስቅብኛለች። ከሷ ጋር እየኖሩ ጀግና መሆን አይቻልም።»

«ድንቅ!» አሉ አዛዥ ክንፈ።

ምላሱን ብቻ ለመውሰድ ተሞክሮ ነበር፤ ከባለቤቱ ተነጥሎ የሚሄድ ሆኖ አልተገኘም። ማንጠግቦሽን እንዳለች ወሰዷት። ነጠላዋን እያጣፋች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?» አለችው።

«ጥሩ ነገር ነው ያልኩት! እግዜር ያውቃል፣ ጥሩ ነገር ነው!»

«ሁለተኛ ስለኔ ጥሩ ነገር እንዳትናገር!» አለችና ሎሌውን እየገፈተረች ከፊት ከፊት ሄደች።

አብተው ግን አልተፈታም። ጉዳዩ ገና እየተጣራ ነው ተባለ። ጓንጉል አሁን የሚያስፈታው ሁለት ሰው ሆነ። እንደገና ሄደና፣ «ጌታዬ፣ እድሩ ነው» አለ። «እኔ የእድሩ ድንኳን ተካይ ነኝ። ለቅሶ ሲደርስ እኔ ካልመጣሁ ድንኳኑ አይቆምም። የሟች ጠላትም ወዳጅም ከሥሩ ይቀመጣል፤ ምሰሶውን ሳቆም ‘ጓንጉል ባይኖር ምን ይውጠን ነበር’ ይሉኛል። እንዲህ የሚባል ሰው ችቦ ይዞ ምን ያዞረዋል?» ድንኳኑ ከነካስማው ተጠቅልሎ ገባ። በሚቀጥለው ለቅሶ ሰዉ የሚቀመጥበት አጥቶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ፤ ከዚያ በኋላ እድርተኛው በየሰበቡ መቅረት አመጣ፤ እድሩም ሞተ። የሚቀብረው ግን አልነበረም።

አዛዥ ክንፈ አሁንም ጓንጉል ወርዶ እንደሆነ አስጠየቁ። አልወረደም። ይህን ጊዜ ራሳቸው ደረሱበት፤ ያቺ እንዴት የምትለዋ ነገር ናት። ጥያቄ እንዴት ይወሰዳል ብለው ተጨንቀው ሲያበቁ፣ አንድ ትልቅ ቅል አስመጡና የጓንጉልን አፍ በቅሉ አፍ ላይ ገጠሙት። «ያለህን ሁሉ ጠይቅ፤ አንድም እንዳታስቀር፤ በሞቴ» አሉት። ጓንጉል ቅሉ ውስጥ እንዴት፣ ለምን፣ ከየት፣ በምን ሲል ዋለ። ድምፁ ሲዘጋ የቅሉን አፍ በጭቃ ደፈኑት። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ የመንግሥት ንብረት እንደሰረቀ እንደሚቆጠር በትህትና አስረዱት።

ጓንጉል ቤቱ ገባ። ቤቱ ውስጥ የሚያሾፍበት የለም። በሬው ብቻውን ከግርግሙ ቆሟል፤ ማሳው ጦሙን አድሯል። ወጣ ብሎ ጎረቤቱን ሰላም ቢል ጎረቤቱ ፊቱን አዞረ። አዞረ ስል ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የጓንጉል እጅ የነካው ሁሉ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ሰላምታም መንስኤ ነው ሊባል ይችላል። ውኃ ሊቀዳ ሲወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ይደብቃሉ። ሰው በሰው መሃል እየኖረ እንዲህ ብቻውን ሊቀር እንደሚችል አያውቅም ነበር። መጀመሪያ አዘነ፤ ቀጥሎ አፈረ፤ ሲቆይ ደግሞ ተናደደ። ንዴቱን ማን ላይ እንደሚያሳርፍ ግን አያውቅም፤ እንዳይጠይቅ ጥያቄው ታሽጓል፤ በአዛዥ ክንፈ ላይ እንዳይናደድም እሳቸው እንደዚያ ለስላሳ ሰው ናቸው።

አባ ቀጥ እንደገና የመጣው በዚህ ሰሞን ነው። አሁን ስለ ጥላ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ወንድሜ፣ ምሳ በልተሃል?» አለው።

ጓንጉል ያን የመሰለ ነገር የጠየቀው ሰው ከጠፋ ሰንብቷል። አልበላሁም ሊል አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀደመው። አባ ቀጥ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «ና፣ ከወንድሞችህ ጋር ትበላለህ» አለ። ጓንጉል ተነስቶ ተከተለው።

አስመላሾቹ አቅፈው ተቀበሉት። ከመሃላቸው አስቀመጡት፣ አጎረሱት፣ ስሙን በዘፈናቸው ውስጥ አስገቡለት። ጥቁሩን መቀነት ሲያስታጥቁት ወገቡ የጠና መሰለው። ጓንጉል ደስ አለው። እውነቱን መናገር ካስፈለገ በጣም ደስ አለው። ንዴቱን የሚያሳርፍበት ቦታም እዚያው ተዘጋጅቶ ቆየው። ታች አምባዎች ናቸው፤ ጥላውን ባይወስዱ አብተው ባልታሰረ፣ ማንጠግቦሽ ባልሄደች፣ ድንኳኑ ባልተጠቀለለ። ይህን ያስረዱት በዘፈን ስለነበር መጠየቅም አላስፈለገውም።

ሊወርዱ በተሰናዱበት ዕለት አዛዥ ክንፈ ከአንድ ጉብታ ላይ በርጩማ አስመጥተው ተቀምጠዋል። ጓንጉልን ከነችቦው ሲያዩት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አያችሁ? ያን ሁሉ ስናወጣለት ጊዜ ሄደ! መንስኤው በእጃችን ነው ማለት ነው!» አሉ። ሎሌው ፈራ ተባ እያለ፣ «ጌታዬ፣ መንደር ሊያቃጥል እኮ ነው፤ እናስቁመው ይሆን?» ቢላቸው፣ «ጥናት አይቋረጥም» አሉት።

ጥላው መውረድ ጀመረ። አስመላሾቹም እየዘፈኑ ተከተሉት። ጓንጉል ከፊት ረድፍ ነው፤ አዲስ ሰው የመጀመሪያውን ቤት እንዲለኩስ ነውና ደንቡ። መጀመሪያ ያገኙት ቤት ከመንደሩ ዳር ያለ የሣር ጎጆ ነበር። ደጃፉ ላይ አንዲት አሮጊት ሰሌን ዘርግተው በርበሬ አስጥተው ተቀምጠዋል። ጥላው ከሰሌኑ ጫፍ ላይ ደርሷል።

አሮጊቷ የችቦውን ጭስ ሲያዩ አልተነሱም። «ጥላ አስመላሾች የሚሏችሁ እናንተ ናችሁ?» አሉ።

«እኛ ነን!» አለ አባ ቀጥ።

«ተመስገን! የት ነበራችሁ እስከዛሬ? ይኸው በየቀኑ እየመጣ በርበሬዬን አሻገተው። ከባሌ ጋር ከተጋባን ጀምሮ አንድ ዓመት እንኳን በወጉ ደርቆ አያውቅም። እኔስ የሚነሳ አልመሰለኝም ነበር። ውሰዱልኝ፣ ልጆቼ፤ ቶሎ በሉ።»

አስመላሾቹ ተያዩ።

«በምንድን ነው የምትወስዱት?» አሉ አሮጊቷ። «ጆንያ ይዛችኋል? በሸክም ነው? እኔ አቅም የለኝም እንጂ ባንድ በኩል እይዝላችሁ ነበር።»

አባ ቀጥ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ጥላ ማስመለስ ብዙ ጊዜ አስተምሯል፤ ጥላ መሸከም ግን አላስተማረም። «ተሳልቀሽብናል!» ብሎ ጮኸ። «ጓንጉል፣ ለኩስ!»

«እሺ፣ ይለኩስ፤ ግን መጀመሪያ ጥላውን ያንሳ» አሉ አሮጊቷ። «ቤቱን ቢያቃጥለው አመዱ ላይም ይመጣብኛል እኮ።» ከዚያ ወደ ጓንጉል ዞሩ። «አንተ ሰው፣ ፊትህ ደግ ይመስላል። ከየት በኩል ነው የሚነሳው? ጫፉ ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ ነው።»

ጓንጉል ምን እንደነካው እንጃለት፤ ችቦውን ድንጋይ ላይ አጋደመና ጎንበስ አለ። በእውነት ጫፉን ፈለገው። ጣቶቹን ከጥላው ጠርዝ ሥር ሊያስገባ ሞከረ፤ አፈር ብቻ ዘገነ። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ሞከረ። ከአስመላሾቹ ሁለት ሦስቱ ሊያግዙት ጎንበስ አሉ። አንዱ፣ «በስተግራ ያዘው፣ ሳይላላ አይቀርም» አለ። ከዚያ ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ሁሉም እጃቸው ውስጥ ያለው ጭብጥ አፈር ነው። ጓንጉል ሳቀ። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቃቸውን ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም።

«ካልሆነላችሁ ሰሌኑን ጎትቱልኝ» አሉ አሮጊቷ። «ጥላው ካልሄደ በርበሬው ይሂድ።»

ጓንጉል አንዱን ጫፍ ያዘ፤ እሳቸው ሌላውን። ሰሌኑን ፀሐይ ወዳለበት ወሰዱት። ጥላው ተከተላቸው። እንደገና ወሰዱት። እንዲህ እያሉ ከማሳው ዳር ሲደርሱ ችቦው ከተጋደመበት ድንጋይ ላይ ራሱን በልቶ አልቋል። ሁሉም እንዲህ አላደረጉም፤ አባ ቀጥ የቀሩለትን ይዞ በመንደሩ ላይኛው በኩል ዞረና ያን ዕለትም አንድ የሣር ክምር ጋይቷል። ያቺ ጎጆ ግን ቆማለች። ጓንጉል መቀነቱን ፈቶ፣ የሰሌኑ ጥግ ስለተተረተረ አሰረላቸው።

«እግዜር ይስጥህ» አሉት። «ነገም ና። ጥላው ነገም አይቀርም።»

ሽቅብ ሲመለስ አዛዥ ክንፈ መንገድ ላይ ጠበቁት። ፊታቸው አመድ መስሏል። «አያ ጓንጉል፣ ምን አስቆመህ? በአንተ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም፤ በእጄ ነው ያወጣሁት። ታች ምን አገኘህ? ከጉብታው አልታየኝም፤ ሌሎቹም የሚመልሱት በአንድ ጊዜ እየጮኹ ነው። ማን ነበር?»

ጓንጉል መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ውሸት አያውቅበትም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለጠየቀው ሁሉ እውነቱን ነው የተናገረው። ግን የሎሌውን ጆንያ አየ። ትልቅ ጆንያ ነው፤ አንዲት አሮጊት አጣጥፎ ለመያዝ ይበቃል።

«እንጃ ጌታዬ» አለ።

«እንዴት እንጃ? አስብ እንጂ፤ በሞቴ።»

«እንጃ።»

አሰሩት። በትህትና ነበር ያሰሩት። አስርበው ጠየቁት፤ እንጃ አለ። አጥግበው ጠየቁት፤ እንጃ አለ። ሚስትህን እንመልስልሃለን አሉት። እዚህ ላይ ጓንጉል እንባው እየወረደ፣ «እንጃ» አለ።

የአገሩ ሊቃውንት ተሰበሰቡ። መንስኤ የሌለው ነገር በሕግ አልተደረገም፤ ስለዚህ ጓንጉል ቤቱን አላቃጠለም የሚለው ነገር አልተደረገም፤ ስለዚህ አቃጥሏል ተባለ። የተቃጠለውን ቤት ለማየት የተላከው ሰው ከጉብታው ላይ ሆኖ ቢያይ ቤቱ እንደቆመ አገኘውና፣ ቤቱም ያለ መንስኤ ነው የቆመው ብሎ ተመለሰ። አዛዥ ክንፈ ራሳቸውን ይዘው አሰቡ። በመጨረሻ የደረሱበት ነገር ይህ ነው፤ ግምጃ ቤት የገባው ሁሉ ከሰውየው ወጥቶ ሳለ ሰውየው አላቃጠለም፤ እንግዲያውስ የገባው ሁሉ መንስኤ አይደለም፤ ውድቅ ዕቃ ነው፤ የመንግሥትን እህል በከንቱ እየበላ ነው። ይጣል።

አብተው ከነበሬው ተወርውሮ ወጣ። ድንኳኑ ከነካስማው ወጣ። ቅሉ ከደጅ ወድቆ ተሰበረ፤ ከውስጡ ምንም ሲወጣ አልታየም፤ የበሩ ዘበኞች ግን ያን ቀን ሙሉ «ቆይ ግን ለምን?» ሲባባሉ ዋሉ። ማንጠግቦሽ መጨረሻ ወጣች። ሎሌው ይህቺን ቶሎ ብሎ ነው የሸኘው።

ከእስር ተለቆ የወጣውን ጓንጉልን ከደጅ አግኝታ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከስቷል። ቤት እስኪገቡ ከፊት ከፊት ሄደች። በሩን ዘጋችና፣ «እስቲ አሁን እውነቱን ንገረኝ። ያን ሁሉ ስትጠየቅ ዝም ያልከው ስለማን ነው? ምን አገኘህ ታች?» አለችው።

ጓንጉል በሩን አየ። መስኮቱን አየ። ሚስቱን እንደሚወዳት ያውቃል፤ እንደምትወደውም ያውቃል። ስለሷ ጥሩ ነገር የተናገረ ቀን ምን እንደመጣም ያውቃል።

«እንጃ» አላት።

«አንተ ደግሞ መዋሸት መቼ ተማርክ?»

«አንቺ የሌለሽ ጊዜ።»

ማንጠግቦሽ አጠገቡ ተቀመጠች።

አዛዥ ክንፈ ሹመታቸው ላይ ናቸው ይባላል። ጥላውም በየቀኑ ይወርዳል። አሮጊቷ ማን ናቸው፣ ቤታቸውስ በታች አምባ በየት በኩል ነው የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል፤ በትህትና የጠየቁኝም አልጠፉም።

እንጃ።